ካልበላሽው ንኪው

ባለፈው ወር ስለ ቦርኒዮ ደሴት ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ኮታ ኪናባሉ ከተማ ሦስት ዓመት መኖሬን ብቻ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ ምግብ ናቸው። አይገርመኝም። መንገደኛ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሆዱ ነው። የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ኮታ ኪናባሉ ላለችበት የማሌዥያ ግዛት ለሳባህና ለነባር ሕዝቧ ለካዳዛን-ዱሱን ማዕድ ለቅቄዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በሜይ ወር መጨረሻ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ማሌዥያ፣ ኮታ ኪናባሉ እሄዳለሁ። አስተናጋጆቻችን በላኩት ፕሮግራም ላይ አንድ ምሽት «ፔናምፓንግ በሚገኝ ባህላዊ ምግብ ቤት የካዳዛን-ዱሱን እራት» ይላል። ደስ ብሎኝ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ምነው ባልፈለግኩ! አውራ ጣት የሚያህል ነጭ ትል ሳህን ላይ ይላወሳል፤ ሰው እየሳቀ ይበላዋል። ጥሬ ዓሣም አለ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አሳማ አልበላም። ሆዴም አዲስ ነገር ይፈራል። መቅረት ነውር ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሄዶ አለመብላት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ምን ይሻለኛል?
— ሆደ ፈሪዋ

መልስ፦ ሆደ ፈሪዋ፣ ሂጂ። ሳባህ ውስጥ ምግብን ሳይበሉ ማክበር የሚቻልበት ሥርዓት አለ። እኔ የተማርኩት በኀፍረት ነው።

እዚያ በገባን በሁለተኛው ሳምንት ነው። አከራያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው የካዳዛን እናት ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ «ኦዱ» ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። አንድ ጠዋት አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ፣ ከበረንዳቸው ሆነው ቡና ቅመሺ አሉኝ። «ቸኩያለሁ ኦዱ፣ ሌላ ጊዜ» ብዬ እጄን አውለብልቤ አለፍኩ። ጥቂት ሄጄ ዞር ስል ኦዱ ከኋላዬ ናቸው። በባዶ እግራቸው፣ ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቡናው በጣቶቻቸው መሀል እየተንጠባጠበ። የተቆጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ የፈሩት ለእኔ ኖሯል። ጣቴን ያዙና የስኒውን ጠርዝ አስነኩኝ። ከዚያ «በይ ሂጂ» አሉኝ።

ነገሩ ኮፖሁናን ይባላል። በማላይኛ ከምፑናን ይሉታል። የቀረበለትን ምግብ ዝም ብሎ ትቶ የሄደ ሰው መንገድ ላይ ክፉ ነገር ያገኘዋል የሚል እምነት ነው። እባብ ይነድፈዋል፣ መኪና ይገጨዋል፣ ይወድቃል። ማምለጫው ቀላል ነው። ምግቡን ወይም ሳህኑን በጣት ጫፍ ነካ ማድረግ። ወጣቶቹ ይቀልዱበታል፤ እየቀለዱም ይነካሉ። ስለዚህ የማትበዪው ነገር ሲመጣ ፊትሽን አታጨማድጂ፣ «ኧረ በስመ አብ» አትበዪ። ሳህኑን ነካ አድርጊና ፈገግ በዪ። በቃ። የሚያስተናግዱሽ ሰዎች ይህን ከየት እንዳወቅሽ ሲጠይቁሽ ጨዋታው እዚያው ይጀመራል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ፔናምፓንግ የካዳዛኖች አገር ነው። ማዕከሉ ዶንጎንጎን ከኮታ ኪናባሉ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፤ ትራፊክ ካልያዘሽ ቅርብ ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች ከእንጨትና ከቀርከሃ ይሠራሉ። ጣሪያቸው የሳጎ ዘንባባ ቅጠል ነው። ግድግዳው ላይ ጎንግ የሚሏቸው የሚመቱ ክብ የብረታ ብረት መሣሪያዎች፣ ትንሽም ትልቅም፣ ተሰቅለዋል፤ ጥግ ላይ የኛን ጋን የመሰሉ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። ወለሉ ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል። አየር ማቀዝቀዣ ይኖራል ብለሽ አትጠብቂ። ዝናብ ከመጣ ደግሞ የዝናቡ ድምፅ ወሬውን ይውጠዋል። ቀለል ያለ ልብስ ልበሺ፣ የትንኝ ቅባት ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ ከሆነና ደጃፉ ላይ ጫማ ካየሽ አንቺም አውልቂ።

ቀድሞ የሚመጣልሽ ሊኖፖት ይሆናል። በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነው። የተራራ ሩዝ ከጎደሬ ወይም ከስኳር ድንች ጋር ተቀቅሎ፣ ትኩሱን በሰፊ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀርባል። ድሮ ወደ ሩዝ ማሳ የሚወጣ ሰው ምሳው ይኸው ነበር፤ ቅጠሉ ሳህንም ምሳ ዕቃም ነው። ስትፈቺው የሚወጣው እንፋሎት እርጥብ ደን ደን ይሸታል። ለሆደ ፈሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ሆድሽ ሌላውን ሁሉ እምቢ ቢል እንኳ በሊኖፖት ጠግበሽ ትነሺያለሽ።

ፒናሳካን የምትባለዋም የዋህ ናት። ባሱንግ የሚሉት ትንሽ የባሕር ዓሣ በእርድና ታኮብ-አኮብ በሚባል የደረቀ ጎምዛዛ የፍሬ ልጣጭ ይቀቀላል፤ ውኃው እስኪመጥጥ ድረስ። ቢጫ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ከሩዝ ጋር የሚሄድ። ለእኔ የካዳዛን ቤት የሥራ ቀን ምሳ ማለት እሷ ናት።

ጥሬው ዓሣ ሂናቫ ነው። ኦዱ ሲሠሩት ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ትኩስ ማኬሬል ዓሣ አጥንቱ ይወጣል፣ ሥጋው በስሱ ይከተፋል። ከዚያ ሎሚ፣ ሎሚ፣ አሁንም ሎሚ። ከሮዝ ወደ ነጭ ሲለወጥ ዓይንሽ እያየ ነው። ቀይ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ቃሪያ በስሱ ተከትፎ ይገባል። ፔሪያ የሚሉት መራራ አትክልትም አለ፤ በጨው ታሽቶ ምሬቱ ሲበርድ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ ኦዱ ከመሳቢያ አንድ ደረቅ፣ ቡናማ፣ የቡጢ ያህል ነገር አወጡና በመፈግፈጊያ ፈገፈጉበት። የባምባንጋን ዘር ነው። ባምባንጋን በቦርኒዮ ብቻ የሚበቅል የዱር ማንጎ ነው፤ ልጣጩ ቡናማና ሻካራ፣ መጠኑ የሕፃን ልጅ ጭንቅላት የሚያህል። ሂናቫን ሂናቫ የሚያደርገው ያ ዘር ነው። ያለሱ የሎሚ ሰላጣ ነው ይሉኝ ነበር ኦዱ። የክትፎ ልጅ የሆነ ሰው ሂናቫን ቢፈራ ይገርመኛል፤ አንድ ማንኪያ ሞክሪ። ካልሆነ ንኪው።

የሚፈትንሽ ቦሶው ነው። የወንዝ ዓሣ ወይም የዱር አሳማ ሥጋ፣ ጨው፣ የተቀቀለ ሩዝና የተወቀጠ የፓንጊ ዘር በአንድ ላይ ታሽተው በማሰሮ ይታፈናሉ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይቦካል። ፓንጊ ዘሩ ውስጥ የሲያናይድ መርዝ ያለበት ዛፍ ነው። ዘሩ ሥጋው እንዳይበላሽ የሚጠብቀውም በዚሁ ጠባዩ ነው፤ አዘገጃጀቱን ለሚያውቁት ብቻ የሚተው ሥራ። ማሰሮው ሲከፈት አፍንጫሽ ቀድሞ ይሸሻል። አፍሽ ግን ጨዋማና ጎምዛዛ ነገር ያገኛል፤ ከትኩስ ሩዝ ጋር ሲሆን ደግሞ እጅሽ ሳታስቢው ይመለሳል። አንዳንዱ እንዳለ ይበላዋል፣ አንዳንዱ በሽንኩርት ጠብሶ። ሙቀት አለ፣ እርጥበት አለ፣ ማቀዝቀዣ አልነበረም። ከወንዝ ብዙ ዓሣ ያወጣ ሰው ሌላ ምን ያድርገው? ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ጋግረን፣ ቆጮ ከጉድጓድ አውጥተን የምንበላ ሰዎች በቦሶው ፊት ማዞር አያምርብንም። ይህን ስል ግን እኔም የመጀመሪያውን ጉርሻ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የዋጥኩት።

ስለ ትሉ። ቡቶድ ይባላል። የቀይ ዘንባባ ጢንዚዛ እጭ ነው፤ በወደቀ የሳጎ ግንድ ውስጥ ግንዱን እየበላ ይወፍራል። ገላው ክሬም የመሰለ ነጭ፣ ራሱ ጠንካራ ቡናማ። በሕይወቱ የሚበሉት ራሱን ይዘው ገላውን ብቻ ነክሰው ራሱን ይጥሉታል። ተጠብሶም ይቀርባል። የተጠበሰውን አንዴ በልቻለሁ፤ ቆዳው ጠንከር ይላል፣ ውስጡ ቅባት ነው። አልጠላሁትም፣ አልናፈቀኝምም። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ በሦስት ዓመት ውስጥ ኦዱ ቤት ማዕድ ላይ ቡቶድ አላየሁም። እንግዳ ሲመጣ፣ ስልክ ሲወጣ ነው ትሉ የሚመጣው። ያንን ቪዲዮ አይተሽ የካዳዛን ምግብ ትል ነው ብለሽ ከወሰንሽ ሊኖፖቱን፣ ፒናሳካኑን፣ ባምባንጋኑን ሁሉ አብረሽ ትሸኚዋለሽ። ያሳዝናል።

አሳማው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካዳዛኖች በብዛት ካቶሊክ ናቸው፤ አሳማ የድግስ ምግባቸው ነው። አስተናጋጆችሽን አስቀድመሽ ንገሪ። አብላጫው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት አገር ይህ ጥያቄ ማንንም አይገርመውም። «ሳያ ቲዳክ ማካን ባቢ» በዪ፤ አሳማ አልበላም ማለት ነው በማላይኛ። እዚህ ላይ ግን የእኔን ስሕተት አትድገሚ። አንድ ጊዜ ከከተማ ወጣ ብለን ወደ ተራራው ስንሄድ መንገድ ዳር አንዲት የምግብ ቤት ገባን። የጢስ ሽታው ልብ ይሰርቃል። «ባቢ አለበት?» አልኩ። ባለቤትየው በእርግጠኝነት «የለበትም» አለ። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው ምን እንደሆነ የጠየቅኩት። ባካስ ነው አለኝ። ባካስ የዱር አሳማ ነው! ሰውየው አልዋሸም፤ ለእሱ ባቢ ማለት በረት ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ ሦስት ቃል ያዢ፦ ባቢ፣ ባካስ፣ ቮጎክ። ቮጎክ በካዳዛን አሳማ ነው፤ ዱሱኖች ዎጎክ ይሉታል። ሲናላኡ የሚል ካየሽ በጢስ የደረቀ ሥጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የዱር አሳማ። ማኑክ ዶሮ ነው፣ ሳዳ ዓሣ ነው፤ በእነዚህ ተረጋጊ። ቦሶው ሲመጣ ግን የሳዳ ነው የባካስ ብለሽ ጠይቂ። ስለ ጾም አልጻፍሽልኝም። በሜይ መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ስለሚሆን ረቡዕና ዓርቡም አያስጨንቅሽም።

መጠጡ ሊሂንግ ነው። የሚያጣብቅ ሩዝ ይቀቀልና ሳሳድ በሚሉት ደረቅ እርሾ ይጠነሰሳል። ወርቅማ፣ ጣፋጭነትና ኮምጣጣነት ያለው። የዋህ ይመስላል፤ እንደ ጠጅ ነው፣ ስትነሺ ነው የምታውቂው። እሱኑ ሲያነጥሩት ሞንቶኩ ይሆናል፤ ያ አረቄ ነው፣ አጠገቡ አትድረሺ። ሊሂንግ በዶሮ ሾርባም ይገባል፣ ከብዙ ዝንጅብል ጋር። ሰዎቹ ብርጭቆ አንስተው «አራማይ ቲ!» ሲሉ አንቺም ውኃሽን አንሺ። ማንም ውስጡን አያይም።

የምትሄጂበት ጊዜ ደግሞ ዕድለኛ ያደርግሻል። ሜይ በሙሉ የካማታን፣ የመከር በዓል ወር ነው። 30 እና 31 በሳባህ ሥራ ዝግ ነው። ተረቱን ያጫውቱሽ ይሆናል። ፈጣሪ ኪኖይንጋን ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ አንድ ልጁን ሁሚኖዱንን ሠዋ፤ ከገላዋ ሩዝ በቀለ። ኦዱ ይህን የነገሩኝ ሩዝ እየለቀሙ ነበር፤ ወለል ላይ የወደቀችውን አንዲት ፍሬ አንስተው ወደ ሰፌዱ መለሷት። ከዚያ ወዲህ ሳህኔ ላይ ሩዝ መተው ይከብደኛል። አንቺም ዓሣውን ተዪው፣ ትሉን ተዪው፤ ሩዙን ግን ጨርሺው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ኩዋላ ላምፑር ነው የምንኖረው። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነች። ኮታ ኪናባሉ ለዕረፍት ልንሄድ ነው፤ ሂናቫ ካልበላሁ ብላለች። ሎሚው አብስሎት የለም እንዴ?
— ተጨናቂ ባል

መልስ፦ አላበሰለውም። ሎሚው ሥጋውን ያነጣዋል፣ ያጠነክረዋል። ዓይን የበሰለ ይመስለዋል። በጥሬ ዓሣ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ጥገኛ ትልና ተህዋስ ግን እንደ እሳት አይገድልም። ነፍሰ ጡር ስለሆነች ጥሬ ዓሣም ያልበሰለ ቦሶውም ይቅርባት። ሊሂንግ ያለበት ሾርባም ይቅር፤ አልኮሉ ሲፈላ ሁሉም አይጠፋም። ፒናሳካን ትብላ፣ ሊኖፖት ትብላ። ሎምቢዲንግ የሚሉት ቀላ ያለ የፈርን ለጋ ቅጠል በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ ይቀርባል፤ እሱንም ትብላ። የሂናቫው አምሮት ከወሊድ በኋላም ይደርሳል። ደግሞ አትርሱ፣ ሳባህ የራሷ የኢሚግሬሽን ቁጥጥር አላት። በአገር ውስጥ በረራም ቢሆን ፓስፖርት ያዙ።

ጥያቄ፦ ማሌዥያ የምማር ሙስሊም ተማሪ ነኝ። የካዳዛን ምግብ መቅመስ እፈልጋለሁ፤ ግን አሳማም አለ፣ መጠጥም አለ ይሉኛል። ልተወው?
— ተማሪው

መልስ፦ አትተወው። ሙስሊም የሆኑ ዱሱኖችም አሉ፤ ሂናቫውና ቱሃኡው (በኮምጣጤ የታሸ የዱር ዝንጅብል ግንድ) የእነሱም ነው። ከተማው ውስጥ የሳባህን ባህላዊ ምግብ ሐላል አድርገው የሚያቀርቡ ቤቶች ታገኛለህ። የሐላል ምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ፈልግ። በር ላይ ሐላል አይደለም የሚል ጽሑፍ ካየህ አትከራከር፤ ሰዎቹ አክብረውህ ነው የጻፉት። ሊሂንግ የሚለውን ቃል በሾርባና በዶሮ ስም ውስጥ ተጠንቀቅለት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ኮታ ኪናባሉ ሄደን አንድ የቀርከሃ ባህላዊ ቤት ወሰዱን። ጎንጉ፣ ጭፈራው፣ ጥቁር ቬልቬት በወርቃማ ጥልፍ የለበሱ ልጆች፣ ሁሉም ያምራል። ምግቡ ግን ቡፌ ነው። ሂናቫው አይኮመጥጥም፣ ቦሶው የለም፣ ዶሮው የትም ያለ ዶሮ ነው። ትሉ ግን ነበር! አስጎብኚው ካልቀረጽኩህ ብሎ ሞቼ ነው የተረፍኩት። ተሸወድን ማለት ነው?
— ቅር ያለው

መልስ፦ መሸወድ አልለውም። ለትርዒት ከፍላችሁ ትርዒት አያችሁ። ሱማዛው ጭፈራው፣ ያ እጅን እንደ ወፍ ክንፍ ዘርግቶ ቀስ ብሎ የሚወዛወዘው፣ የእውነት ነው። ምግቡን ነው ለፈረንጅ ምላስ ያለዘቡት። ማንም እንዳይደነግጥ ሲሉ ኮምጣጣውን ቀነሱ፣ የሚሸተውን አስቀሩ። ከዚያ ማንም እንዳይረሳቸው ትሉን አስቀመጡ። እኔም ብዙ እንግዳ ይዤ እንዲህ ያለ ቤት ገብቻለሁ፤ እንግዶቼ ተደስተዋል፣ እኔ ተርቤ ወጥቻለሁ።

ጥሩውን ቤት የምለየው በጥቂት ነገር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአገሬው ቤተሰብ፣ አያት እስከ ሕፃን፣ አንድ ጠረጴዛ ከቦ ከበላበት ደህና ነው። ሩዙ ጭልጥ ያለ ነጭ ካልሆነና ቀላ ወይም ቡናማ ካለ ደህና ነው። የቦካ ባምባንጋን አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። «አለ፣ ግን ይሸታል» ካሉኝ እቀመጣለሁ። «እሱ እንኳ ለእናንተ አይሆንም» ካሉኝም እቀመጣለሁ፤ እንደሚሆን እስኪገባቸው እለምናለሁ። ያኔ ለአራት ሰው ጠረጴዛው እስኪሞላ አዝዘን ከ150 ሪንጊት በታች ከፍለን የወጣንበት አንድ የገጠር ቤት ነበረ። ጣሪያው ያንጠባጥብ ነበር። ባለቤቲቱ ከሰል እያራገበች ከሦስት ጠረጴዛ ጋር በአንዴ ታወራለች። ሒሳቡን የጻፈችው በካርቶን ቁራጭ ላይ ነው። ጉርሻ ልንተው ስንል መልሱን ይዛ ተከተለችን፤ እዚያ አገር ጉርሻ መተው ልማድ አይደለም።

ሌላ ጊዜ ከሄዳችሁ ግን ከምግብ ቤቱ በፊት ዶንጎንጎን ታሙ ሂዱ። ታሙ ሳምንታዊ ገበያ ነው፤ የዶንጎንጎኑ ሐሙስና ዓርብ ይቆማል። በጠዋት ድረሱ። ባምባንጋኑ ክምር ክምር ነው። ቦሶው በማሰሮ፣ ቱሃኡው በብልቃጥ፣ ሂናቫው በትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ተደርድሯል። ቡቶዱም በሕይወቱ በሳፋ ይሸጣል፤ ግን እዚያ ማንም አይቀርጽህም፣ ሴትየዋ መዝና ሸጣ ወደ ሚቀጥለው ደንበኛ ትዞራለች። አንዱን ሻጭ «ኮፒቮሲያን» ብለህ ሰላም በልና የቱ ካዳዛን የቱ ዱሱን ምግብ እንደሆነ ጠይቅ። ከባሕሩ አጠገብ ያሉት ካዳዛን ነን፣ ወደ ተራራው ያሉት ዱሱን ነን ይሉሃል። አንድ ላይ ካዳዛንዱሱን መባሉን የባህል ማኅበራቸው ጉባኤ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ስለ ባምባንጋን አቦካክ ግን በአንድ መደብ ላይ ያሉ ሁለት ሴቶች እንኳ አይስማሙም፤ ቁመህ ማዳመጥ ነው።

ጥያቄ፦ እኅቴ ከሳባህ ስትመለስ ቱሃኡ የሚባል ነገር በብልቃጥ አመጣችልኝ። ከፍቼ አሸተትኩትና መልሼ ከደንኩት። ተበላሽቶ ነው ወይስ እንዲህ ነው?
— ክዳኑን የያዘችው

መልስ፦ እንዲህ ነው። ቱሃኡ የዱር ዝንጅብል ግንድ ነው። ውስጡ ያለው ለጋው ነጭ ክፍል በስሱ ተከትፎ ከጨው፣ ከኮምጣጤ፣ ከቃሪያና ሎሱን ከሚሉት ቀጭን የሽንኩርት ቅጠል ጋር ይታሻል። ስለ ሽታው አገሬዎቹም ሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ ያለሱ ሩዝ አይወርድለትም። ግማሹ ትኋን ትኋን ይሸታል ይላል። ሻጋታ ካላየሽበትና ክዳኑ አየር ቋጥሮ ካልተነፋ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዪው፣ በንጹሕ ማንኪያ ጨልፊው። በነጭ ሩዝና በተጠበሰ ዓሣ ጥግ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ካልሆነልሽ ዘይት ውስጥ እስኪደርቅ ጥበሺው፤ እዚያም እንዲህ ያደርጉታል፤ ሽታው ይበርዳል።

እኅትሽ ግን ጎበዝ ናት፣ ሳይፈስባት አድርሳዋለች። እኔ ለዘለቄታው ስመለስ ኦዱ ሁለት ብልቃጥ ቱሃኡ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። በሻንጣዬ መሀል፣ በክረምት ጃኬቴ ውስጥ ቀበርኩት። ቤት ስንገባ ሻንጣው ገና ሳይከፈት ባለቤቴ «ምንድን ነው የሞተው?» አለ። አንዱ ብልቃጥ ክዳኑ ላልቶ ነበር። ጃኬቱን ሦስት ጊዜ አሳጠብኩት፣ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት። አሁንም ዝናብ ሲነካው ይነሳል። ልጄ ስሙን «ኦዱ» ብሎታል። ሲቀዘቅዘው «ኦዱን አምጪልኝ» ይለኛል፣ ሳመጣለት አፍንጫውን ይዞ ይለብሰዋል።